ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ሰማንያ ነበሩ፣ ካንድ ዘር፣ ባንድ ዓይነት ጣሳ፤
አርባው ለኮምቦልቻ፣ አርባው ደግሞ ለጦሳ።
የእኔን አይሱዙ ላይ ጭኜ ሐረጎን ስንወጣ
ጉም እንደ ተሳፋሪ በመስኮት ገብቶ መጣ።

“ድቅል ጥድ ነው” ስላቸው ጋሽ ይመር ሣቁብኝ፤
“ዲቃላ ነው በለኝ፣ አታሳምርብኝ!
እናቴ ከደብሩ፣ አባቴ ከመስጊድ፤
እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ? እኔም ያው ነኝ፣ ጥድ።”

ታች፣ ቦርከና ዳር፣ ሙቀቱ ሲነካው
በሁለት ክረምት ብቻ አጥር ተሻገረ፤
ጦይባ በርጩማ ላይ ቆማ ነው የምትለካው፤
ግንዱ ግን ቀጭን ነው፣ እንደ ሸንበቆ የሾረ።
“ልጆቼ አደጉ” ትላለች፣ ደውላ ስትቀልድብኝ፤
እኔ ጦሳ ጥግ ላይ፣ ብርዱ ሲበረታብኝ።

የእኔዎቹ አርባው ከጉልበት አላለፉም።
ቅጠላቸው ጥቅጥቅ፣ አጭር፣ እንደ ብሩሽ፤
ነፋስ ሲመጣባቸው ጎንበስ እንኳ አይሉም።

ኅዳር ሊወጣ ሲል፣ ሌሊት፣ ውርጭ መጣ።
ጠዋት ሣሩ ከእግሬ ሥር እንደ መስታወት ተሰበረ፤
የዐሥራ ሰባተኛው ጫፍ፣ እንደ ሚስማር ዝጎ ነበረ።
መዝገቤን አውጥቼ ጻፍኩ ቀኑን፣ ቁጥሩን፤
ከጎኑ “ሞተ” አልኩና ዘጋሁት መዝገቡን።
“ተው ልጄ” አሉ ጋሽ ይመር፣ “ገና ነው፣ ገና፤
ብርድ የመታው ሁሉ ሬሳ አይደለምና።”
አልሰማኋቸውም። ዲፕሎማ አለኝና።

በዚያው በጋ ደግሞ ከሐረጎ ነፋስ ወርዶ
አደረ ሦስት ረጃጅም ከወገብ ጎርዶ።
ጦይባ አልደወለችም፤ መልእክት ነው የላከች፤
“ሦስት ተሰበረ” ብቻ ብላ ጻፈች።

ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ ካባራ በኋላ፣
ጋሽ ይመር መጡና በሬን አንኳኩ፤ ምንም አላሉኝም፤
የጃኬቴን እጅጌ ይዘው ወሰዱኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።
ከዛገው ጫፍ በታች፣ የምስር ፍሬ የምታህል
አንዲት እንቡጥ አየሁ፣ ቅርፊቱን ስትፈለፍል።

ተንበርክኬ ለካሁ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር።
“ስንት?” አለች ጦይባ በስልክ። ነገርኳት።
ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣
“የኔዎቹም እኮ ከዚያው ዘር ናቸው” አለች።

መዝገቡ አሁንም አለ።
ዐሥራ ሰባት ጎን “ሞተ” ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ብፍቀው፣ ብፍቀው ወረቀቱ ሳሳ፣ ቃሉ ግን አልጠፋም።
ጥዱ ዛሬ ደረቴ ጋ ደርሷል።
እኔም ከዚያ ወዲህ ጦሳ ስወጣ
የምይዘው እርሳስ ነው።