መልስ

ቀን ቀን ረዳት ነኝ፣ ከሳሪስ ኮዬ፣
ግማሽ ገላዬ በመስኮት ወጥቶ፣ "አንድ ሰው!" ብዬ ብዬ።
ማታ ደግሞ ተማሪ ነኝ።
ምድር ቤት፣ ሊፍት ይገባበታል ተብሎ ባዶውን የቀረ ጉድጓድ አጠገብ፣
ሲፈን የምትባል ልጅ ፓይተን ታስተምረናለች።
ስድስት ነን፣ ላፕቶፑ ሁለት፤
መብራት ሲሄድ ባትሪው ያልቃል፣ የእሷ ትዕግሥት ይተርፋል።

"ከምታውቁት ጀምሩ" አለችን።
እኔ የማውቀው አንድ ሒሳብ ነው፤
ብር ይሰጡኛል፣ ታሪፉን አነሳለሁ፣ የተረፈው የሰው ነው።
የመጀመሪያ ፋንክሽኔን ጻፍኩ፣
በሁለት ጣት፣ እንደ ዶሮ እየለቀምኩ፦
የተከፈለው ይገባል፣ ታሪፉም ይገባል፣
ልዩነቱ ተሠልቶ ስክሪኑ ላይ ይታያል።
ሁለት መቶ አጎረስኩት፣ ሠላሳ አምስት ቀነሰ፣
መቶ ስልሳ አምስት! ልቤ እንደ ጎማ ተነፋ።

ያንን ቁጥር ይዤ የቀኑን ሒሳብ ልዘጋ ብል፣
"ነን" አለኝ።
ነን?
ማን ነን? ስንት ነን?
ትርፍ ጫንን እንዴ? ትራፊክ መጣብን?

ሲፈን ጎንበስ ብላ አየች፣
በስክሪፕቶ ጫፍ የመጨረሻዋን መስመር ነካች።
"እዚህ ጋ ፕሪንት አልከው።
አሳየኸኝ እንጂ አልሰጠኸኝም።
በእሱ ቋንቋ 'ነን' ማለት ምንም ማለት ነው፤
አፍህ ቁጥር ይጠራል፣ እጅህ ባዶ ነው።
ሪተርን በለው። መልስ በለው።
የጠራህ ሰው እኮ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።"

መልስ ስትል
የጆሮዬ ጫፍ ጋለ።
ቀኑን ሙሉ የሚወጋኝ ቃል ነው፦
"ወንድም፣ መልስ!" "ረዳት፣ መልሴስ?"
አሁን ደግሞ ማታ፣ ከማሽን ሆድ።

ሐሙስ ዕለት ነበር።
አንዲት እናት፣ ጥቁር ነጠላ፣ በፌስታል ጎመን፣
ድፍን ሁለት መቶ ሰጡኝ።
"መቶ ስልሳ አምስት አለዎት እናቴ፣ ቆይ ልዘርዝር" አልኩ፣
ታክሲው ሙሉ እየሰማ።
ጠራሁት። አሳየሁት።
ዝናቡ በረታ፣ ኩምሳ ጥሩምባውን ነፋ፣
በግራ እግራቸው እያነከሱ ወረዱ።
ብሩ ጣቶቼ መሃል እንደተጠቀለለ ማዞሪያውን አለፍን።
እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ማታ ደስ ብሎኝ ነበር።
ከላዩ ላይ አሥር ብር ሻይ ጠጣሁበት።

ኮዱንማ አስተካከልኩ፤
አንድ ቃል ሰርዤ አንድ ቃል ተካሁ፣
ቁጥሩ መጣ፣ ተደመረ፣ ሒሳቡ ተዘጋ።
የማሽኑ።

እሑድ ብሎክ ለብሎክ ዞርኩ።
"የሚያነክሱት? እትዬ አሰገደች ናቸዋ! አራተኛ ፎቅ።"
በየደረጃው ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፤
ውሃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም፣
እኔ ወጣሁ፣
ይቅርታዬን እንደ ዳዊት እየደገምኩ፦
"እናቴ፣ ዝናብ ነበር፣ ሹፌሩም ቸኩሎ፣
እኔም ደግሞ፣ እውነት ለመናገር..."
እዚህ ላይ ስደርስ ከፈቱ።
ብሩን ዘረጋሁ።
ቆጠሩ። አሥር ብሯን እንኳ ተክቻታለሁ።
ቀና ብለው አዩኝ፣
"ደርሶኛል" አሉ፣
በሩን ዘጉ።

ያ ሁሉ ይቅርታ አፌ ውስጥ ቀረ።

ማታ ሲፈንን ጠየቅኋት፦
"ከሪተርን በታች የጻፍኩት ለምን አይሠራም?"
ሳቀች።
"ከመለስክ በኋላማ ወጥተሃል፣
ማን ቀርቶ ያነበዋል?
የምትለው ካለህ ሳትመልስ በፊት በለው።"

ቆርጬ ከላይ ለጠፍኩት፣
ማንም ያልጠየቃት አንዲት መስመር፦
"ስለዘገየሁ ይቅርታ" ይላል ስክሪኑ በመጀመሪያ፣
ከዚያ ይመልሳል።

ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሳሪስ፣ ጭጋግ።
ኮዬ! ኮዬ! አንድ ሰው!
ዝርዝር ይዤያለሁ።