የደም ግባት

ከኩኦፒዮ አለፍ ብሎ፣ መኪና በሐይቅ ላይ ይነዳል በብርቱ ክረምቱ፤
እዚያ ዳር ነው ቋሊማ ፋብሪካው፣ ሥራ ካቆመ ሰባት ዓመቱ፤
መንጠቆው ብቻ ተንጠልጥሏል፣ ሥጋው ሲያልቅ የቀረ አጥንቱ።
ሄልካ ጀልባዋን ሸጠች፣ ባሏ ሲፈታት የተወላት፤
ለሦስት ሳምንት ተከራየችው፣ ገንዘቡ እስከበቃት።
ካሜራው የሠርግ ነው፣ ከሙሽራ ቀራጭ የተዋስነው፤
ጭራቅ አምጥተህ ብታቆምለት የሚፈልገው ከንፈሩን ነው።

ፀሐይ በታኅሣሥ
እዚህ ባለዕዳ ናት፤
አራት ሰዓት ላይ ብቅ ትላለች፣
ስምንት ሲሆን የለችበት።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ባል ይሞታል። ይቀበራል።
በሦስተኛው ሌሊት ተነሥቶ የገዛ በሩን ያንኳኳል።
ደም ሊጠጣ አይደለም፣ ወይ ነክሶ ነፍስ ሊያጠፋ፤
የሳውናው ቁልፍ የት እንዳለ ሳይነግራት ስለጠፋ።
ትሰማዋለች። “እሺ” ትለዋለች። ሻይ ትሰጠዋለች።
በማግስቱም ይመጣል። ያንኑ ይነግራታል። ትሰማዋለች።
እስከ ዘጠኝ ሌሊት። በዐሥረኛው መጥረቢያ ታነሣለች።
“ፍቅር ነው ወይስ ሽብር?” ብንላት፣ ጓንቷን እያወለቀች
“ትዳር ነው” አለች።

ሬሳችን ኡርሆ ይባላል፤ እንጀራው አውቶቡስ መንዳት።
ደሙን የምትቀባው ቱኦቪ፤ ደም ማለት ቀይ ሥር፣ ሽሮፕ፣ ዱቄት።
ጠዋት ጠዋት ትገድለዋለች። በብሩሽ። ከግንባሩ ጀምራ፤
ጉንጩን አመድ ታለብሰዋለች፣ ትንፋሿን በትንፋሹ ቆጥራ።
በሌላ ፊት ቢሆን ያስጠላል፤ በእርሱ ላይ ግን ስናየው
ሞት የምንለው ነገር ለካ
የደም ግባት ነው።

አንድ ቀን ብርዱ ደሙን አደረቀው፤ ከአገጩ እንደ ከረሜላ ተሰብሮ
ወደቀ። አነሣችና በላችው። ሬሳው ሳቀ፣ ሞቱን ሽሮ።

እኔ ድምፅ ያዥ ነኝ። በዘንግ ጫፍ ጆሮ የምዘረጋ።
ሁለት ክረምት ሙሉ አውቶቡሱን የተሳፈርኩ፣
የምሄድበት ሳይኖር፣ ሲመሽ ሲነጋ።
ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለፊልሙም አያስፈልግ ይሆናል።

በመጨረሻው ቀን ተዋናይቷ ጉንፋን ጥሏት ቀረች፤
ሄልካ ዞር ዞር አለችና የሟች ሚስትን ልብስ
ለቱኦቪ አጠለቀች።
መጥረቢያው ጎማ ነው። ሲሰነዘር እንደ ዓሣ ይርገበገባል፤
ከንፈራችንን ነከስን፣ ሳቁ ግን ጉሮሮ ያንቃል።
ተንበረከከች። ጎንበስ አለች። “ቁልፉስ?” አለችው ቀስ ብላ፤
ያኔ በጆሮ ማዳመጫዬ፣ ከከፈኑ ኋላ፦

ድው።
ድው ድው።
ድው ድው ድው።

ሰውዬው ሞቷል። ስክሪፕቱ ላይ፣ ገጽ ዐርባ አንድ፣ ሞቷል።
ልቡ ግን ስክሪፕት አላነበበም፤ በር እንደሚደበድብ ይመታል።
“አቁሙ” ማለት ነበረብኝ፤ “ድምፁ ተበላሽቷል።”
አፌ አልታዘዘም። ዘንጉን ይበልጥ አስጠጋሁት፤
ለእኔ ያልመታውን ልብ
ጥርት አድርጌ ቀዳሁት።

በሚያዝያ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ፣ ዐርባ ወንበር ደርድረን
አሳየን። መጥረቢያው ሲርገበገብ ሰው በሳቅ ሞተ፤ እሰይ አልን።
ከዚያ ልቡ መጣ። ከድምፅ ማጉያው፣ ከጨለማው፣ ከወለሉ።
ሳቁ ጠፋ። ፈንዲሻ የዘገኑ እጆች አየር ላይ ዋሉ።
አንድ ሽማግሌ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ አጠገቡ ባዶ ወንበር ትቶ፣
ኮቱን ከዚያ አንሥቶ ታቀፈው፣ ከኪሱ የቁልፍ ድምፅ ሰምቶ።

ኡርሆና ቱኦቪ ከበሩ ሥር፣ ሁለት ሰው ባንድ ካፖርት።
ሄልካ ወደ እኔ ዞራ፦ “ያንን የልብ ምት
ከየት አመጣሽው?”
“ከመጋዘን” አልኳት። “የድሮ ቅጂ ነው። በቃ።”
ማታ አውቶቡስ አልያዝኩም። በእግሬ። ሰባት ኪሎ ሜትር ጭቃ።