ሁለት መቀሶች

ማቶዚኞሽ ወደብ፣ ውቅያኖሱ ዳር፣
ሰርዲን በሚታሸግበት፣ ጨው በጠጣ ግንብ ሥር፣
ሦስተኛው መስመር ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፣
ክንድ ለክንድ ቆመው ቃል የማይባባሉ።

ኢዳሊና በግራ፣ ኤርሚኒያ በቀኝ፤
ይኼን የቀድሞው አለቃ ቁልፍ ሲሰጥ ነገረኝ።
«አትንካቸው» አለኝ። እኔ ግን ሥልጠና ነበረኝ፣
ፖርቶ ላይ ሁለት ቀን፣ ሰርተፍኬት የሰጡኝ።

ቢሮ አስጠራኋቸው፤ ሁለት ወንበር፣ ውሃ።
«ስትናገሩ» አልኳቸው፣ «"አንቺ" ሳይሆን "እኔ" በሉ።»
ኢዳሊና ብድግ አለች፦
«እኔ ልሂድ፤ ዓሦቹ ይሞቃሉ።»

መነሻውን ብጠይቅ ወሬው ሞልቶ ነበር፦
ያልተመለሰ ጃንጥላ፣ ያልተቆመበት ቀብር፣
አንዲት የሎተሪ ትኬት፣ በጋራ የተቆረጠች፣
ከማን ቦርሳ እንደገባች ሳይታወቅ የቀረች።

ለያየኋቸው እንግዲህ። አንዷ መስመር አንድ፣
ሌላዋ መስመር ስድስት፤ መሃላቸው ሙሉ መንገድ።
ለራሴም «ብልህ ነህ» አልኩ፤ ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ «ተፈታ»፤
ዋናው ቢሮ አመሰገነኝ፣ በኢሜይል፣ በዚያው ማታ።

በሳምንቱ ጣሳው ጎድሎ ይመለስ ጀመር፣
ጭራው በወጉ ሳይቆረጥ፣ ዓሣው ተዛንፎ ሲደረደር።
ለካ ያቺ ስትቆርጥ ይቺ ትደረድራለች፣
ያቺ ስታስነጥስ ይቺ ሣጥን ታቀርባለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት እጅ ከእጅ ሲነጋገር፣
አፍ መኳረፉን እጅ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ጥገና ክፍል ወረድኩ። ሽማግሌው ባልታዛር
የኢዳሊናን መቀስ በድንጋይ ሲስል ነበር።
«ይቺን ችንካር አየሃት? ካጠበቅካት አይከፈትም፣
ካላላሃት ደግሞ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።»
«ታዲያ ልኳ የቱ ጋ ነው?» ትከሻውን ሰበቀ፤
«እጅ ያውቃል» ብሎኝ ሌላ መቀስ አወለቀ።

ሰኞ መለስኳቸው። ወንበር አላቀረብኩ፣
«ታረቁ» አላልኩም፤ በሩ ጋ ቆሜ ጓንቴን አስተካከልኩ።

አልታረቁም። ዛሬም ሰላምታ የላቸውም፤
ምሳ በየጥግ ነው፣ አውቶቡሱም ላይ አይቀራረቡም።
ብቻ ትናንት የኤርሚኒያ መቀስ ወድቆ፣ ጎንበስ ሳትል፣
አየሁ፣ ኢዳሊና ዞር ሳትል የራሷን ስታቀብል።

ቅጹ ላይ «ተፈታ» የምትለውን ሰርዤ፣
ምን ልተካባት እላለሁ፤
ይኸው አለሁ፣ እስክሪብቶ ይዤ።