ባዶው ብልቃጥ

ታርቱ ላይ በሰኔ ሌሊት አይጨልምም፣
ይገረጣል እንጂ፤ ሰማዩም አይተኛም።
ሄልቬ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣
የቲማቲም ቅጠል በምላጭ ትቆርጣለች፤
ሦስት ጊዜ፣ በልክ፣ እጇ ሳይርድባት፣
የገዛ ትንፋሿ ገብቶ እንዳይዋሽባት
አፏን በጨርቅ አስራ።
ቁስል በሚሊ ሜትር፤ ይህ ነው የሷ ሥራ።

ቅጠል አፍ የለውም፤ ቢቆረጥ አይጮህም፣
ግን ዝምም አይልም።
ከተሰነጠቀው ጅማቱ ተንኖ
አንድ ነገር ይወጣል፣ ከትንፋሽ ቀጥኖ፣
ለጎረቤት ቅጠል «ጥርስ መጣ፣ ምረር!»
ብሎ ሳይጨርሰው በነፋስ ሊሰወር።
ሜቲል ጃስሞኔት ነው በመዝገብ ላይ ስሙ፤
ሄልቬ ግን «ወሬው» ትለዋለች፣ ሲደክማት።

ወሬው ከብልቃጡ በመርፌ ተስቦ፣
ከፀጉር የቀጠነ፣ ጥምዝምዝ ያለ ቱቦ
ውስጥ ሠላሳ ሜትር ይሮጣል።
ቀላሉ ይቀድማል፣
ከባዱ ያዘግማል፤
በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ
ከጠፍጣፋው መስመር አንድ ጫፍ ብቅ አለ።
ቁስሉ ቁጥር ሆነ።

ከዚያ ባዶውን ለካች። ምንም ያልገባበት፣
በአሴቶን የታጠበ፣ እሳት ያደረቀው፣
ለማመሳከሪያ ብቻ የተቀመጠ ብልቃጥ።
ያው ጫፍ። በያው ደቂቃ።

ሰኞም እንዲህ ነበር። ዶክተር ኡርማስ መጥቶ
«እጅሽ ነው፤ ታጠቢ» ብሎ ነው የሄደው።
ታጠበች። ደገመች። ማክሰኞም ያው ጫፍ።
ረቡዕ ጓንት ለወጠች፣ ሳሙናዋን ጣለች፣
ፀጉሯን እንኳ አሸተተች።

አሁን ግን፣ እኩለ ሌሊት ሊል ሲል፣
ከውጭ ድምፅ ሰማች፤ ድንጋይ ብረት ሲስል።
ዘበኛው ኤንዴል ነው። ሳሩን ያጭዳል፣
«ሳር የሚታዘዘው በጤዛ ነው» ይላል፤
ረጅም ማጭዱ ሞተር የለው፣ አይጮህ፣
ወዲህ
ወዲያ
መስኮቱም፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስንዝር ገርበብ ብሏል።

ባዶው ብልቃጥ ባዶ አልነበረም ለካ፤
መስኩን ነው የለካ።

ልትዘጋው ተነሣች፤ እጀታውን ያዘች።
ሽታው ያውድ ነበር። ቆም ብላ አሸተተች።
ደስ አላት።
ደስ ስላላት ደግሞ ጥቂት አፈረች።
አልዘጋችውም።
ተመልሳ መጥታ፣ በመዝገቧ ኅዳግ
«ባዶ» የሚለውን ሰርዛ «ኤንዴል» ብላ ጻፈች፣
ከየቀኑ ቁጥር፣ አንድ በአንድ፣
ኤንዴልን ቀነሰች።