በእርሳስ የተጻፈ ቀጠሮ

ኅዳር ነው፤ ጭጋጉ ከጥዱ ደን ወርዶ
ጣራውን ዳበሰ፤ ሊመጣ ነው በረዶ።
አደናው ከተማ ዳር፣ ከገርሊንደ ጋራዥ በር፣
ፎልከር መኪናውን አቆመ፤
ስድስት ሲሊንደሩ እያጉረመረመ።
በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው መመሪያ፤
«ይህን ቅጂልኝ» አላት፣ ሰላም ሳይል፣ ገና መጀመሪያ።
«አሥር ደብልዩ ስልሳ። ውዱን ነው የገዛሁ፤
ጎረቤቴ ዲትማር ይምላል በዚሁ።»

ገርሊንደ አልመለሰች። እጇን በጨርቅ ጠርጋ፣
ጀሪካኑን ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ፣
ጽሑፉን አነበበች፣
ማር ሊገዛ እንደመጣ ሰው፣ በጥርጣሬ።

«ይህች ፊደል ክረምት ናት» አለችው በጣቷ፤
«ከፊቷ ያለው ቁጥር የብርድ ጠዋቷ፣
ከኋላዋ ያለው የእሳት ሰዓቷ።
አንተ እሳት የምትገባው ስንቴ ነው?
በዓመት ስድስት እሑድ።
የቀረውን ማለዳ ዳቦ ልትገዛ ነው፣
ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ ሳይሞቅ።
ይህ ላንተ ይወፍራል፤ እንደ አደረ ገንፎ ነው፤
እየተጎተተ ከታች እስኪደርስ ላይ
ብረት ብረት ይበላል፣ አንተ ሳታይ።
ጫማ በእግር ይለካል እንጂ በዋጋ አይለካም።»

ከመደርደሪያው አምስት-አርባ አወረደች፤
መመሪያው የጠራውን ቁጥር ከጀርባው አሳየች፤
ጥቂት በብርጭቆ ቀድታ ወደ መስኮት አነሳች።

ወርቅ ነው። ሰም የለበትም።
የጥንቱ፣ ከድንጋይ ሆድ የወጣው፣
ሰሙን ይዞ ይመጣል፤ ብርድ ሲነካው
ይረጋል፤ ከወንፊቱ ላይ ይጣበቃል።
ይህን ግን ሰው ነው ክር በክር የሸመነው፤
ሰሙን አስቀርቶ ወርቁን ብቻ ተወው።
(ለቅኔ ይህ ጉድለት ነው፤
ለሞተር ግን ጤናው።)

«ለስንት ጊዜ ነው?» ፎልከር ገጹን ገለጠ።
«ሠላሳ ሺህ ይላል። ወይ ሁለት ዓመት።»
ገርሊንደ ሳቀች፤ እንደ ደረቀ ቺንጋ።
«ይህን የጻፈው ሰው ያሰበው
ቀጥ ባለ ጎዳና፣ ከነሻንጣው፣ ከነሚስቱ
ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው።
ያንተ ጠመዝማዛ፣ ያንተ ቁልቁለት፣
ዘይቱ መቶ ሠላሳ ዲግሪ ሲግል፣
የት ገጽ ላይ አለ? አሳየኝ።»

መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ደረሰኞቹን ተጭኖ፣
የኩሽኔታ ቅርፊት ነበር፤ ገጹ ተልጦ፣
መዳቡ እንደ ቆሰለ ጉልበት ቀልቶ።
ፎልከር አነሳው። «የማን ነው?»
ሬዲዮው ስለ ዝናብ ያወራል።
ካልሲ የሚያህል ጨርቅ አጣጠፈች፤ ዘረጋች፤ አጣጠፈች።
«የወንድሜ የኤገርት።
ዘይቱ እንደ ቀጠነ፣ ቤንዚን ቤንዚን እንደሚል፣
በጣቴ አሽቼ አውቄ ነበር።
‹አንድ እሑድ ምን አላት?› አለኝ።
ፊልትሮ አልነበረኝም፤ ደክሞኝም ነበር።
‹ሂድ› አልኩት።
ሰው አልሞተም። ሞተሩ ብቻ።
በገመድ ጎትቼ ከኮረብታው ሳወርደው
መንገዱን ሙሉ በመስታወት ተያየን፤
ቃል አልወጣንም።
ብረቱ አይደለም የሚቆጨኝ፤ ያ ‹ሂድ› ነው።»

ቡሎኑ ተፈታ። ጥቁሩ ወረደ፣
መጀመሪያ በገመድ፣ ቀጥሎ በክር፣ ከዚያ በጠብታ።
ከመካከሉ ብልቃጥ ሞላች፣ ለላቦራቶሪ።
«ብረቱን፣ መዳቡን፣ ነዳጁን እነሱ ይቁጠሩት።
እስኪናገሩ ድረስ ስምንት ሺህ፣
ወይ ሦስት እሑድ ኮረብታ፣ ወይ አንድ ዓመት፤
ቀድሞ የመጣው ይግዛህ።»

«ዲትማር ግን...»
«ዲትማር የሚነዳው ትራክተር ነው።»

ከኮፈኑ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፋ
ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፈች፣ በእርሳስ።
«ለምን በእርሳስ?»
«ቀለም ይኮራል» አለች፤ «እርሳስ ይታረማል።»

ሞተሩ ተነሳ። እግሩ ሊጫን ሲል
መዳፏን ኮፈኑ ላይ አኖረች፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ።
«ገና ነው» አለች።
ጭጋጉ በሩን አልፎ ገባ።
«ገና ነው።»