ጎረቤቱን ጠይቁ

ደብረ ሲና፣ ማታ፤ ከአስራ ሁለት በኋላ፤
ጉሙ በተሰበረው መስኮት ገብቶ ሰሌዳውን ሲበላ፣
ሰባት ሰው አለኝ፤ አራት መጽሐፍ፤
አንዱ ሽፋን የለው፣ አንዱ ከአይጥ የተረፈ ምዕራፍ።
ትርንጎ የቆሎ ቅርጫቷን በሩ ጥግ አስቀምጣ፣
ዘርጋው የሲኖትራክ ረዳት፣ ግራሶ በጣቱ ይዞ የመጣ።

የዛሬው ምንባብ አንድ ገጽ ነው፤ ከግርጌው አምስት ጥያቄ።
"ላይትሀውስ" የሚል ቃል መጣ፤ ሰባቱም ቆሙ እሱ ላይ፤
ባሕር እኔም አላየሁም፣ በምን ላስረዳ ጠንቅቄ?
ዘርጋው ስልኩን መዘዘ፣ ከኢንተርኔት ትርጉም ሊያይ።

"ተው" አልኩት፤ "መልሰው። ቃል እንደ አዲስ ተከራይ ነው፤
ሰፈር ሲገባ ማንም ስሙን እንኳ የማያውቀው።
በሩን ደብድበህ መታወቂያ አምጣ አትለውም፤ ነውር ነው።
ከግራው ማን አለ? ከቀኙስ? ከማን ጋር ነው የሚውለው?
ማታ ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? ጎረቤቱን ነው የምትጠይቀው።"

በግራው "ናይት" ተቀምጧል፤ ሌሊት፤ ይቺን ማን ያጣታል?
በቀኙ "ሺፕ" አለ፤ መርከብ፤ ዘርጋው በፊልም አይቶታል።
"ሮክ" አለ ከበላዩ። "ድንጋይ!" አለች ጥሩወርቅ፤ ሳቅን፤
የሰላ ድንጋይ ልጅ ድንጋይ አወቀች ብለን።
"ፎግ" አለ ከሥሩ። ለእሱ ማስረዳት አላስፈለገም፤
ጣቴን ወደ መስኮቱ ቀሰርኩ፤ ትርጉሙ ገባ፤
እሱ ከተማሪ ሁሉ ተለይቶ አርፍዶ አያውቅም።

ዝምታ። እርሳስ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል።
ከላይ፣ ከጣርማ በር በኩል፣ አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባ ይነፋል፤
ረጅም፣ አጭር፣ ደግሞ ረጅም፤
ትርንጎ ቀና አለች። ያየችው እኔንም አልነበረም፣ ማንንም።

"ይሄን ቤት አውቀዋለሁ" አለች። "አባቴ ነበር።
ክረምት ሲገባ፣ ጉሙ መንገዱን ሲሰውር፣
ከላይኛው ኩርባ ፋኖስ ከፍ አድርጎ ይቆም ነበር።
የቀጠረው የለም። ማንም ቆመህ እደር አላለውም፤
ሲወጡ በግራ ገደል ነው፤ ሹፌር በዚያ ሰዓት ግራውን አያውቀውም።
እናቴ 'ግባ፣ ብርዱ ይጨርስሃል' ትለዋለች፤ አይሰማትም።"

ከዚያ በኋላ ቃሉን ማንም አልጠየቀኝም።
"የመብራት ግንብ" ብዬ ጻፍኩ። ቆየት ብዬ አጠፋሁት።
የእሷ ይበልጣል፤ ተውኩት።

አምስተኛው ጥያቄ፦ ጠባቂው ሽማግሌ ሌሊቱን ለምን አልተኛም?
መልሱ ከመምህሩ መጽሐፍ ጀርባ አለ፤ ሩቅ አይደለም፤
"ሥራው ስለሆነ" ይላል፣ ከሦስተኛው አንቀጽ የተወሰደ።
ስድስቱ እንዲያ ብለው ጻፉ፤ ልክ ናቸው፤ ስድስት ራይት ወረደ።

የትርንጎን ደብተር የቆሎ ጨው ነክቶታል።
ፊደሏ ትልልቅ ነው፤ መስመር ይለቃል፣ ይንገዳገዳል።
"ቢፎር" ይላል፤ ነጥብ። "ዋን ናይት ሂ ስሊፕ።"

ከዚያ በፊት፣ አንድ ሌሊት፣ ተኝቶ ነበር።
ምንባቡ ውስጥ ይህ የለም። አየሁት ከዳር እስከ ዳር።
ስለ ሽማግሌው ትናንት አንድ መስመር አልተጻፈም፤
እሷ ግን በመስመርና በመስመር መሀል ካለው ነጭ ቦታ
አንድ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ አየች፤
ያንን ነው ያነበበች።

እኔ ስንት ዓመት "ያልተጻፈውን አንብቡ" እያልኩ አስተምሬያለሁ፤
ያልተጻፈው ይሄን ያህል እንደሚከብድ ዛሬ አየሁ።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ግሡ ተሳስቷል፤ ኃላፊ ጊዜ ይፈልጋል።
ለሰዋስው አልፏል። ለእሷ ግን መች አልፏል?
ከደንኩት። ራይትም አላደረግሁ፣ ኤክስም፤
"ግሩም" ልል አሰብኩ፤ እሱም እጄ ላይ አልመጣም።

ደወል የለንም፤ መብራቱ ሲርገበገብ ነው የምንወጣ።
ጥሩወርቅ መጽሐፎቹን ሰበሰበች፤ ማንም ማንንም አላዋራ።
ዘርጋው ብቻ፣ ቅርጫቷን ሲያነሳላት፣ ቀስ ብሎ፣
"የትኛው ኩርባ ነው?" አላት።
ዛሬ ሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣሉ፣ ሲሚንቶ ጭነው።
ነገረችው በእጇ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዋርካው በላይ ሦስተኛው።
"ሌፍት" አለችው መጨረሻ ላይ።

ተርጉሚልኝ አላላትም።