ታኮ

አንሙት ነበር ስሙ።
ሦስቱን አፈር አልብሳ አራተኛ ስትወልድ
እናቱ ናት ያለችው፣ ከሞት ልትዋዋል፤
ውል ደግሞ ያለ ሁለት ወገን ፊርማ
መች ውል ይባላል?

ረዳቴ ነበረ በአሮጌው ኤንትሬ፣
ጤፍ ጭነን ከደጀን ቁልቁል ስንወርድ፤
ባንገቱ ላይ ፎጣ፣ በእጁ የወይራ ታኮ፣
"አያ ስንሻው አይዞህ፣ ታኮ አለ!" እያለ
ገደሉን ያስረሳኝ፣ በሩ ላይ እየተንጠለጠለ።

ፍሬኑ እምቢ ያለ ቀን፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
በአንደኛ ማርሽ ስንሳብ፣
ዘለለ። ታኮውን አኖረው።
መኪናው ቆመልኝ፤
እሱ ግን ከጎማው ሥር ሳይወጣ ቀረ።
ሞተሩን አጠፋሁ።
ዓባይ ብቻ ከታች ይጮህ ነበረ።

ሦስት ዓመት ኖርሁ መሪ ሳልጨብጥ።
መኪናውን ሸጥሁት፤ ገንዘቡም አለቀ፤
ሚስቴ ቢቸና ገባች፣ ካባቷ ቤት፤
ክረምቱ ጣራዬን፣ አረቄው አንጀቴን
እኩል በሳሱት።
ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም አልልም፤ እሄዳለሁ፤
ካጥሩ ውጭ ቆሜ ግንቡን እሳለማለሁ።
ዲያቆኑ "ተንሥኡ" ሲል
ሰው ሁሉ ሲነሣ፣
እኔ እንደ ቆምሁ መውደቄን
ማንም ሳያይብኝ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

በጥቅምት፣ ቅዳሜ ማታ፣ እትዬ ይመኙሻል መጣች።
የአንሙት እናት።
ደጄ ላይ ቆመች እንጂ ግቢ ብላት አልገባችም።
"ስማኝ ስንሻው፣ ነገ የአንሙት ተራ ነው፣
የገብርኤል ሰንበቴ።
ይኸው ሦስት ዓመት በስሙ አወጣሁ፤
ዛሬ ግን ዳቦው ከበደኝ፣ ከዳኝም ጉልበቴ፤
አንተ ተሸክመህ ግባልኝ።"
"እኔ?" አልኋት፤ "እኔ እኮ..."
"ማን እንደሆንህ አውቃለሁ" አለች።
"የደም ካሳ አምጣ መች አልሁህ?
ዳቦ ተሸከም ነው ያልሁህ።"

እሑድ ጧት፣ ድፎው ገና ኮባ ኮባ እየሸተተ፣
በራሴ ላይ አድርጌው፣
የግቢው በር ላይ ስደርስ እግሬ ፍሬን ያዘ።
ከኋላዬ እሷ
በምርኩዟ ጫፍ ተረከዜን ነካ አድርጋ
"ዛሬ ታኮ የለም፣ ሂድ!" አለች።

የሰንበቴው ሙሴ፣ አያ ሽታሁን፣ አየኝ።
ሌላውም አየኝ።
ዝምታቸው ከዓባይ ሸለቆ ይጠልቅ ነበር።
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
"ተጠጉለት" አለ፣ "ካንሙት ቦታ ይቀመጥ።"

አግዳሚው አንድ እግሩ አጭር ነው፤
ይዞኝ ይወድቃል ብዬ ስሰጋ፣ ጸና።
ጎንበስ ብዬ ባይ፣
ካጭሩ እግር ሥር አንዲት የወይራ ታኮ።
"እሱ ነው የሸጎጣት" አለኝ ጎረቤቴ፣
ቁራሹን እያቀበለኝ፤
"'ሽማግሌ አይንገዳገድብኝ' ብሎ፣
አንድ ቀን ከመንገድ ሲገባ።"

ግንበኞች ስለናቁት ድንጋይ ሰምቻለሁ፣
የማዕዘን ራስ ሆነ ሲባል አምናለሁ፤
አናጢ የጣለው ቁራጭ እንጨት ግን
ከሥር ሆኖ አገር ሙሉ ሰው ሲይዝ
ያን ለት ነው ያየሁ።

አሁን ጋሪ እነዳለሁ፤
የሰንበቴው ጋሪ ነው፣ ፈረሱ ዳማ።
ወፍጮ ቤት መድረስ ያቃታቸው ሰባት ባልቴቶች አሉ፤
ሰኞና ሐሙስ እህላቸውን ወስጄ
ዱቄቱን እመልሳለሁ።
(እማማ ጥዑም እስካሁን ሳትሰፍር አትቀበለኝም።)
አረቄው ተወኝ አልልም፤
ዝናብ ሲጥል ይጠራኛል።
ቁልቁለት ሲሆን እጄ ይርዳል፤
እወርድና ልጓሙን ይዤ ከፈረሱ ጋር እሄዳለሁ።

እትዬ ይመኙሻል ደጅ ስደርስ
ጋሪው ሳይቆም በፊት እሷ ጎንበስ ትላለች፤
ካጥሯ ሥር አንድ ድንጋይ አንሥታ
ጎማው ሥር ታኖራለች።
ወገቧን ይዛ ቀና ስትል
"አንሙት" ትላለች።
ልጇን መጥራቷ ይሁን፣ ጸሎት ይሁን፣
ወይስ እኔንና እሷን ማለቷ፣
ጠይቄያት አላውቅም።
"አሜን" እላለሁ፤
ጆንያውን አወርዳለሁ።